ፕሮሰሰርና ሜሞሪ በአንድ ጣሪያ ሥር

በኮምፒውተር ክፍል እንደዚህ ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ የለም፦ «ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ የተጻፈው የፍጥነት ቁጥር እኩል ነው፤ ታዲያ አንደኛው ለምን ይንቀራፈፋል?» አንዱ ተማሪ ቫይረስ ነው ይላል፤ ሌላው አቧራ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል፤ አቧራው መቼም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን መልሱ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የሚያሰላው ክፍልና የሚያስታውሰው ክፍል ምን ያህል ተራርቀው ይኖራሉ? ኮምፒውተር ሠሪዎች ይህን ርቀት ለማሳጠር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታገሉ ኖረዋል። ሁለቱን አንድ ቺፕ ላይ እናስፍራቸው የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ትግል የመጣ ነው። በዚህ እትም ይህን ታሪክ እናወጋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። ፕሮሰሰር የምንለው የሚደምረው፣ የሚቀንሰው፣ የሚያወዳድረው ክፍል ነው። ሜሞሪ ወይም ራም የምንለው ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን ቁጥርና የሚፈጽመውን ትእዛዝ ይዞ የሚቆየው ነው። ቺፕ ማለት ትራንዚስተር የሚባሉ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች የተሠሩበት የሲሊከን ቁራጭ ነው። ሃርድ ዲስኩን ለዛሬ እንተወው፤ እሱ ጭራሽ ሌላ ሰፈር ነው የሚኖረው።

ነገሩን ወደ ጓዳ እናምጣው። አንዲት እናት ወጥ እየሠራች ነው እንበል። እጇ ፈጣን ነው፤ ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ለማቁላላት ጊዜ አይፈጅባትም። ውሃው ግን ያለው ቦኖ ላይ ነው። ውሃ ባስፈለጋት ቁጥር ድስቱን ጥዳ ኩባያ ይዛ ወደ ቦኖው ብትመላለስ፣ የእጇ ቅልጥፍና ምን ይረባታል? ምሳው የሚደርሰው በእጇ ፍጥነት ሳይሆን በቦኖው ርቀት ነው። ፕሮሰሰሩ እናትየዋ ናት፤ ሜሞሪው ቦኖው ነው። ይህን ምሳሌ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ለመሆኑ ሁለቱን ማን ለያያቸው? በሰኔ 1945 ጆን ቮን ኖይማን የተባሉ ሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ የኖሩ የሒሳብ ሊቅ፣ ኤድቫክ ስለሚባል ገና ስላልተሠራ ማሽን አንድ ረቂቅ ጻፉ። ረቂቁ ኮምፒውተርን እንደ ሰውነት ክፍሎች ለያይቶ ያስቀምጠዋል፦ የሚያሰላ፣ የሚቆጣጠር፣ የሚያስታውስ፣ የሚያስገባና የሚያስወጣ። ትእዛዙም ቁጥሩም አንድ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ኤኒያክን የመሰሉ ማሽኖች አዲስ ሥራ ሲሰጣቸው ሽቦ እየነቀሉ እንደገና መሰካት ያስፈልግ ስለነበር አዲሱ ሐሳብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ሐሳቡ የቮን ኖይማን ብቻ አልነበረም፤ ኤኒያክን የሠሩት ኤከርትና ሞክሊም ድርሻ ነበራቸው። ረቂቁ ግን በአንድ ሰው ስም ብቻ ወጣ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ቀረ።

ፕሮግራሙን ሜሞሪው ውስጥ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ማሽን እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ነበር፤ ቀኑም ሰኔ 21 ቀን 1948 ነው። «ቤቢ» ይሉት ነበር። ሜሞሪው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ባለ የመስታወት ቱቦ ላይ የሚቀመጥ 1,024 ቢት ብቻ ነበር። ይህ ማለት ዛሬ በስልካችን ከምንልከው አንድ አጭር መልእክት ያነሰ ነው፤ አንድ ሙሉ መልእክት 1,120 ቢት ይይዛልና።

በዚያ ዘመን ፕሮሰሰሩም ሜሞሪውም እንደ ቁም ሣጥን የሚቆሙ ትላልቅ ዕቃዎች ስለነበሩ በሽቦ መገናኘታቸው ማንንም አላስጨነቀም። ሁለቱም ዘገምተኞች ናቸው፤ ማን ማንን ይጠብቃል? ችግሩን በስሙ የጠሩት ጆን ባከስ ናቸው። ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠራውን ቡድን የመሩ የአይ.ቢ.ኤም. ሰው ነበሩ። በ1977 የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ በፕሮሰሰሩና በሜሞሪው መካከል ያለችውን ጠባብ መተላለፊያ የቮን ኖይማን ማነቆ አሏት። ስሙ ጸደቀ።

አሁን ወደ ሲሊከን እንግባ። በ1966 አይ.ቢ.ኤም. ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ዴናርድ አንድ ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ብቻ ማስቀመጥ እንደሚቻል አሰቡ። ካፓሲተሩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ናት፤ ከሞላች 1፣ ከጎደለች 0። ችግሯ ታፈሳለች። ቀዳዳ ጀሪካን ማለት ናት። ስለዚህ በየጊዜው ማንበብና እንደገና መሙላት ያስፈልጋል፤ በብዙ ራሞች ይህ በየ64 ሚሊሰከንዱ ይደረጋል። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግነው ጽሑፍ ሁሉ ድራሹ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚሞላት የለማ! የፈጠራ መብቱ በ1968 ተሰጠ። ኢንቴል በ1970 ያወጣው 1103 የተባለ 1,024 ቢት የሚይዝ ቺፕ በዚሁ የማፍሰስና የመሙላት መንገድ የሚሠራ ነበር፤ በጥቂት ዓመታትም የቀድሞውን የማግኔት ሜሞሪ ከገበያ አባረረው። በማግስቱ በ1971 ያው ኩባንያ 2,300 ትራንዚስተር ያለውን 4004 የተባለ ፕሮሰሰር አንድ ቺፕ ላይ ሠርቶ አወጣ።

እንግዲህ ሁለቱም ቺፕ ሆኑ። የአንድ ኩባንያ ልጆችም ናቸው። ታዲያ ለምን ያኔውኑ አንድ ቺፕ ላይ አልተደረጉም? ቺፕ ላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነበር፤ ዋናው ምክንያት ግን ጠባያቸው ነው። የሜሞሪ ትራንዚስተር ዋና ሙያው አለማፍሰስ ነው፤ ቢዘገይም ግድ የለም፣ ብቻ ይያዝ። የፕሮሰሰር ትራንዚስተር ዋና ሙያው መፍጠን ነው፤ ትንሽ ቢያፈስም ይፍጠን። ፕሮሰሰር በላዩ ላይ ብዙ ደርብ ሽቦ ይፈልጋል፤ ሜሞሪ ጥቂት ይበቃዋል። ሙቀትም አለ። ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል፤ ሜሞሪ ደግሞ በጋለ ቁጥር ማፍሰሱ ይብሳል፤ ከ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ቶሎ ቶሎ መሙላት ያስፈልጋል። በአንድ ምጣድ ላይ እንጀራም ቡናም እናውጣ እንደ ማለት ነው። ይቻላል፤ ግን አንዱ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ፋብሪካ፣ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ተፈጠረ።

ፋብሪካዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ንግዱም ተለያየ። እዚህ ላይ የአንድ ስደተኛ ታሪክ ስለሚገባ ትንሽ እንቆይበት። አንድሩ ግሮቭ በ1936 ቡዳፔስት ተወለዱ። በሕፃንነታቸው በሽታ የመስማት ችሎታቸውን ጎዳባቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ ከእናታቸው ጋር ተደብቀው ከናዚዎች ተረፉ። በ1956 ሃንጋሪ ውስጥ የተነሣው ሕዝባዊ አመፅ በሶቪየት ታንክ ሲደመሰስ የሃያ ዓመት ወጣት ሆነው በእግራቸው ድንበር አቋርጠው ኦስትሪያ ገቡ። ዛሬም በስደተኞች ዘንድ በሚታወቀው በአይ.አር.ሲ. እርዳታ በ1957 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ደረሱ። እየሠሩ ክፍያ በሌለበት የከተማው ኮሌጅ ተማሩ፤ በ1963 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሆኑ፤ በ1968 ኢንቴል ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ።

ኢንቴል ያደገው ሜሞሪ በመሸጥ ነው። በ1980ዎቹ ግን የጃፓን ኩባንያዎች የተሻለና የረከሰ ሜሞሪ ይዘው መጡ፤ ኢንቴልም በየጊዜው መክሰር ጀመረ። በ1985 ግሮቭና የኩባንያው መሪ ጎርደን ሙር ቢሮ ተቀምጠው ሲተክዙ፣ ግሮቭ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ እኛን አባረው አዲስ ሰው ቢሾሙ ያ ሰው ምን ያደርጋል? ሙር ሳያመነቱ ከሜሞሪ ንግድ ይወጣል አሉ። እንግዲያው እኛው ራሳችን ለምን አንወጣም? ይህን ጨዋታ ግሮቭ በ1996 ባሳተሙት መጽሐፋቸው አስፍረውታል። ወጡም። ኢንቴል ፊቱን ወደ ፕሮሰሰር አዞረ፤ ሜሞሪው በዋናነት ለጃፓኖች፣ ኋላም ለኮሪያዎች ሆነ። ለኩባንያው መዳኛ የሆነው ይህ ውሳኔ ግን ፕሮሰሰርንና ሜሞሪን የበለጠ አራራቃቸው፤ አንዱ በአንድ ኩባንያ፣ ሌላው በሌላ ኩባንያ፣ እያንዳንዱም በራሱ ውድድር ሮጠ። ፕሮሰሰር ሠሪው ለፍጥነት፣ ሜሞሪ ሠሪው ለብዛትና ለርካሽነት።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ1990ዎቹ የፕሮሰሰር ፍጥነት በየዓመቱ 60 በመቶ ያህል ሲጨምር የሜሞሪው ፍጥነት የሚጨምረው ከ10 በመቶ ባነሰ ነበር። የሒሳብ መምህራን፣ ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አውጡት። 1.6ን በራሱ አሥር ጊዜ ስናባዛው ወደ 110 ይጠጋል፤ 1.1ን በራሱ አሥር ጊዜ ስናባዛው 2.6 ያህል ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ልዩነቱ ከአርባ እጥፍ በላይ ሰፋ ማለት ነው። የእናትየዋ እጅ መቶ ጊዜ ፈጠነ፤ ቦኖው ግን እዚያው ነው። በ1995 ዊልያም ዉልፍና ሳሊ መኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው አጭር ጽሑፍ አወጡ፤ በዚህ አካሄድ ኮምፒውተሮች ከሜሞሪ ግድግዳ ጋር ይላተማሉ አሉ። ፕሮሰሰሩ ምንም ቢፈጥን ከግድግዳው አያልፍም።

ለምን ግን ይህን ያህል? ኤሌክትሪክ ፈጣን አይደለም እንዴ? ይህን ግሬስ ሆፐር የተባሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንንና የኮምፒውተር ሊቅ በሽቦ ያስተምሩ ነበር። በእያንዳንዱ አድማጭ እጅ 30 ሴንቲሜትር የምታህል ሽቦ ይሰጣሉ፤ ይህች በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ብርሃን የሚሄደው ርቀት ናት ይሉ ነበር። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ምንም ወጪ የለውም፤ አሮጌ የኔትወርክ ገመድ በማስመሪያ ለክቶ መቁረጥ ይበቃል። በ3 ጊጋሄርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በአንድ ምት ውስጥ ብርሃን እንኳ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ አይሄድም፤ በሽቦ ውስጥ የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የሽቦው ርዝመት ግን የችግሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከቺፕ ወጥቶ ወደ ሌላ ቺፕ ለመግባት ምልክቱ ጉልበት ይፈልጋል፤ መውጫ በሮቹም ጥቂት ናቸው። ሜሞሪው በውስጡ አንድ ረድፍ ሲከፍት በሺዎች የሚቆጠሩ ቢቶች ባንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተሰልፈው ይወጣሉ። ታንከሩ ሙሉ ነው፤ ቧንቧው ጠባብ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ቁጥር ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ናኖ ሰከንድ ይጠብቃል። በ3 ጊጋሄርዝ ሲታሰብ ከ180 እስከ 300 ምት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ብልህ እናት ምን ታደርጋለች? ጀሪካን ሞልታ ጓዳ ታስቀምጣለች። የኮምፒውተር ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1965 የካምብሪጁ ሞሪስ ዊልክስ ከትልቁ ሜሞሪ ፊት ለፊት ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ አይ.ቢ.ኤም. በ1968 ሲስተም 360 ሞዴል 85 በተባለው ትልቅ ማሽኑ ላይ አዋለው። ካሽ ይባላል። ገንዘብ ማለት አይደለም፤ ከፈረንሳይኛ መደበቅ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ካሽ የሚሠራው ከማያፈስስ ሜሞሪ ነው። ለአንድ ቢት ስድስት ትራንዚስተር ስለሚፈጅ ውድና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፕሮሰሰሩ ባለ ትራንዚስተር ስለሚሠራ ከእርሱ ጋር አንድ ቺፕ ላይ መኖር ይችላል። ኢንቴል በ1989 ባወጣው 486 ላይ 8 ኪሎባይት ካሽ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ ቀረጸ።

8 ኪሎባይት ትንሽ ናት። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ካሽ ተጨመረ። ጥያቄው የት ይቀመጥ የሚል ሆነ። በ1995 የወጣው ፔንቲየም ፕሮ ሁለት ቺፖችን፣ አንዱን ፕሮሰሰር አንዱን ካሽ፣ አንድ ማሸጊያ ውስጥ አስገባ። ፈጣን ነበር፤ ግን ካሹ በደንብ የሚፈተሸው ከታሸገ በኋላ ስለነበር አንዱ ብልሹ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱም ይጣላሉ። ዋጋው ሰማይ ነካ። በ1997 ፔንቲየም 2 ካሹን ከማሸጊያው አውጥቶ አንድ ሰሌዳ ላይ ከፕሮሰሰሩ ጎን አስቀመጠው። 512 ኪሎባይት ነበር፤ ግን የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ግማሽ ፍጥነት ነው።

ቀጥሎ የመጣውን የሴለሮንን ታሪክ ተማሪዎች እንዲያውቁት እንፈልጋለን። ስሙ ያለባቸው ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች በእጃችን አልፈዋልና። በሚያዝያ 1998 ኢንቴል ለርካሽ ኮምፒውተር ብሎ ሴለሮን 266ን አወጣ። ፔንቲየም 2 ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛውን ካሽ ጨርሶ ተነሥቷል። ሜጋሄርዙ ያው፣ የሚያሰላው ክፍል ያው፤ ጓዳው ግን ባዶ ነው። ለቢሮ ሥራ ተሞክሮ ተንቀራፈፈ፤ ገምጋሚዎችም አጣጣሉት። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ ሴለሮን 300ኤ መጣ። ይህኛው 128 ኪሎባይት ካሽ አለው፤ የፔንቲየም 2 ሩብ ብቻ ነው። ነገር ግን ካሹ እዚያው ቺፕ ላይ፣ ከፕሮሰሰሩ እኩል ፍጥነት የሚሠራ ነው። የትራንዚስተሩ ቁጥር ከ7.5 ሚሊዮን ወደ 19 ሚሊዮን አደገ፤ ጭማሪው በዋናነት ለካሹ ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ርካሹ ሴለሮን በብዙ ፕሮግራሞች ከውዱ ፔንቲየም 2 ጋር ተቀራርቦ ሮጠ። ከእግር በታች ያለች አንዲት ጀሪካን ደጅ ካሉት አራት ጀሪካኖች ጋር እኩል ሠራች ማለት ነው። ነካ ነካ ማድረግ የሚወዱ ወጣቶች ደግሞ 300ኤን በ450 ሜጋሄርዝ እያስኬዱ ውዱን ፕሮሰሰር መፎካከር ጀመሩ፤ ኢንቴል ራሱ የሠራው ርካሽ ዕቃ ውዱን ዕቃ አሳፈረው። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ አለቀ። በ1999 መጨረሻ ፔንቲየም 3፣ በ2000 ደግሞ የተፎካካሪው የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን ሁለተኛውን ካሽ ወደ ቺፑ አስገቡ። አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚለጠፍ የፍጥነት ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናውቅም።

ቆይ፣ ይላል ጠያቂ ተማሪ፣ ጀሪካኑን ከማስፋት ቦኖውን ራሱን ለምን ጓዳ አናስገባም? ይህንኑ የጠየቁ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ኮጊ አይ.ቢ.ኤም. ውስጥ ስምንት ትንንሽ ፕሮሰሰሮችን አንድ የሜሞሪ ቺፕ ላይ አስፍረው ኤግዘኪዩብ የተባለውን ሠሩ። በ1996 የጃፓኑ ሚትሱቢሺ 2 ሜጋባይት ራምና አንድ ፕሮሰሰር አንድ ላይ ያለበትን ቺፕ አወጣ። ከሁሉ በላይ የተከራከሩለት ግን የበርክሊው ፕሮፌሰር ዴቪድ ፓተርሰን ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1997 ባወጡት ጽሑፍ አይራም የሚል ስም ሰጡት፤ ብልህ ራም እንደ ማለት ነው። መከራከሪያቸው ግልጽ ነው፦ ያ በሺዎች የሚቆጠር ቢት በር ላይ ከሚሰለፍ እዚያው ይሰላ። ቡድናቸው ኋላ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአይ.ቢ.ኤም. ፋብሪካ ያሠራው ቺፕ 13 ሜጋባይት ራም በውስጡ ይዞ በ200 ሜጋሄርዝ ይሠራ ነበር፤ የሚፈጀውም ኃይል 2 ዋት ያህል ብቻ ነበር። በጄኔሬተርና በሶላር ለምንኖር ሰዎች 2 ዋት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻም።

ታዲያ ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒውተር ለምን አይራም አልሆነም? አንዱ ምክንያት ከላይ ያነሣነው የጠባይ አለመስማማት ነው። ሌላው ግን ተራ ሒሳብ ነው። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ ቢያንስ 64 ሜጋባይት፣ ደኅና እንዲሠራ ደግሞ 128 ሜጋባይት ራም ይፈልግ ነበር። 13 ሜጋባይት ከየት ይበቃዋል? መጨመርም አይቻልም። ራሙ ቺፑ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ገዢው ራም ባነሰው ጊዜ ሌላ ዱላ ገዝቶ መሰካት የለመደ ነው፤ የሜሞሪ ነጋዴውም ለሁሉም ማሽን የሚሆን አንድ ዓይነት ዕቃ በርካሽ ማምረት የለመደ ነው። ጥሩ ሐሳብ በጥሩ ምክንያት ተሸነፈ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ቦኖውን ሙሉ በሙሉ ማስገባት በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ አሸነፈ። በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ሥዕል የሚሠራለት ቺፕ ውስጥ 4 ሜጋባይት ራም ነበረው። በ2004 የዓለም ፈጣን ኮምፒውተር የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ብሉ ጂን ኤልም በእያንዳንዱ ቺፑ ላይ 4 ሜጋባይት እንዲህ ያለ ሜሞሪ ነበረው። በትንሹ ወገን ደግሞ ከማንም በፊት አሸንፏል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1974 ለገበያ ያቀረበው ቲ.ኤም.ኤስ. 1000 ፕሮሰሰሩንም፣ ፕሮግራሙን የሚይዘውንም፣ 32 ባይት ራሙንም አንድ ቺፕ ላይ ይዞ ካልኩሌተር ውስጥ ገባ። የእርሱ ዘሮች ዛሬ በሶላር ቻርጀሩ፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በመኪናው ሁሉ አሉ። በኪሳችሁ ያለችው ሲም ካርድም ያቺው ናት። ከ1991 ጀምሮ ስልክ ውስጥ ስንሰካት የኖርነው ያቺ ቁራጭ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ አብረው የሚኖሩባት ሙሉ ኮምፒውተር ናት። እዚያ የተፈለገው ፍጥነት አልነበረም፤ ትንሽነት፣ ርካሽነትና አለመሰረቅ ነው። መንገዱ ግን አንድ ነው።

ባለፉት ዓመታት ነገሩ እንደገና ጋለ። ምክንያቱ ኃይል ነው። የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ማርክ ሆሮዊትዝ በ2014 ባቀረቡት ስሌት አንድ ቁጥር ከውጭ ራም ማምጣት ያንኑ ቁጥር ከመደመር በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይፈጃል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ሥራ ደግሞ ሌላ ሳይሆን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮችን ከሜሞሪ እያመጡ ማባዛትና መደመር ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ አሮጌው ሐሳብ ተመለሰ። በ2019 ሴሬብራስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጎኑ 21.5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ እንደ ሳህን የሰፋ አንድ ቺፕ አሳየ፤ 18 ጊጋባይት ሜሞሪ እዚያው ላይ ነበረው። ሳምሰንግ በ2021 በሜሞሪው ቺፕ ውስጥ ትንንሽ ማስያዎች ያስገባበትን ምርት አስተዋወቀ። እነዚህ ዋጋቸው ከእኛ ሰፈር የራቀ ነው።

ወደ እኛ የሚደርሰው ሌላው ነው። አፕል በ2020 መጨረሻ ባወጣቸው ኤም 1 የተባለ ቺፕ ያለባቸው ኮምፒውተሮች ላይ 8 ወይም 16 ጊጋባይት ራም ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ማሸጊያ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቺፕ ላይ አይደለም፤ ጎን ለጎን ነው፤ የፔንቲየም ፕሮ የልጅ ልጅ በሉት። ፍጥነቱና የባትሪው ዕድሜ ብዙ ሰው አስደነቀ። ኢንቴልም በ2024 ኮር አልትራ 200ቪ በተባሉት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ራም አብሮ አሸገ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የኩባንያው ኃላፊ በቀጣዮቹ ምርቶች ይህን እንደማይደግሙት ተናገሩ። ምክንያቱ የአሠራር ጉድለት ሳይሆን ትርፍ ነበር፤ ሜሞሪውን ከሌላ ገዝቶ አሽጎ መሸጥ ብዙም አላዋጣም። የ1985ቱ ፍቺ ይኸው እስከ ዛሬ ሂሳብ ያስከፍላል።

የእኛ የኮምፒውተር ክፍል ደግሞ በአመዛኙ የሚኖረው በራም ዱላ ነው። ከሁለት የሞቱ ማሽኖች ራም ነቅለን አንዱን ሕያው ማሽን እናፈጥናለን፤ ወርቃማ እግሮቹን በላጲስ ጠርገን የሞተ የመሰለውን እናስነሣለን። ይህን ሥራ የተማሩ ልጆች ከካምፑ ውጭም እንጀራ በልተውበታል። ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር በታሸገበት ወይም ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደበት ላፕቶፕ ይህ ሁሉ የለም፤ ራሙ ሲበላሽ ማሽኑ አብሮ ይሞታል፤ ፕሮግራሞች ሲከብዱም መጨመር አይቻልም። አምራቾቹ በፍጥነቱ አልዋሹም፤ ቅርበት በእርግጥ ያፈጥናል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ማሽኑን ከአምስት ዓመት በኋላ የሚረከበው ሰው ነው፤ እኛ ማለት ነው።

ስለዚህ የዕርዳታ ላፕቶፕ ሲመጣ፣ ወይም ለጋሽ የትኛው ይሻላችኋል ብሎ ሲጠይቅ፣ የሞዴሉን ስም ጽፋችሁ ያዙና ራሙ የሚሰካ ነው ወይስ የታሸገ የሚለውን ጠይቁ። በእጃችሁ ከሆነ የሥር ክዳኑን ፍቱ። ቀጭን አግዳሚ ሶኬት ካለ ዱላ ይቀበላል። ሶኬት ከሌለ የገባበት 8 ጊጋባይት እስከ ዕድሜው መጨረሻ 8 ጊጋባይት ነው፤ ለሥዕልና ለቪዲዮ ትምህርት ሳይሆን ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ክፍል መድቡት።